መልስ፦ የነብራስካን የአሸዋ ኮረብታዎች በመኪና ስለመሻገር

ወንድሜ፣ ከዴንቨር ተነስቼ በቶዮታ ፎርራነር መኪናዬ የአሜሪካዋን የነብራስካ ግዛት የአሸዋ ኮረብታዎች ብቻዬን ብሻገር ያስኬዳል ወይ ብለሃል። መኪናው ያስኬዳል። ብቻህን ግን አትሂድ። እዚያ ያለው ቼሪ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ ነው) ብቻውን ከ15,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ነዋሪው 6,000 አይሞላም። ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም።

ዋናው ነገር ጎማ ነው። አስፋልቱን ስትለቅ ንፋሱን ወደ 18 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) አውርደው። ጎማው ጠፍጠፍ ይልና አሸዋው ላይ ሳይሰምጥ ይሄዳል። እኔ አንዴ ንፋስ ሳልቀንስ ገብቼ ዳገት ላይ ቀረሁ። ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ጎማው ቁልቁል ቆፈረ። በአካፋ ስዝቅ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ጎማው ባዶውን መዞር ሲጀምር ወዲያው እግርህን ከነዳጁ አንሳ፤ በመጣህበት ዱካ ቀስ ብለህ ወደኋላ ውጣ። አስፋልት ስትደርስ ንፋስ የምትሞላበት ኮምፕሬሰርም ያዝ።

መሬቱ በአብዛኛው የግል የከብት እርባታ ነው። ከሕዝብ መንገድ ከመውጣትህ በፊት ባለቤቱን አስፈቅድ። የተዘጋ በር ከፍተህ ካለፍክ መልሰህ ዝጋ። ክፍት ያገኘኸውን ክፍት ተወው፤ ከብቶቹ ወደ ውሃ የሚወርዱበት ሊሆን ይችላል።

ደግሞ እባክህ ከዱካው አትውጣ። ያንን አሸዋ የያዘው ሣሩ ነው። ሣሩ በጎማ ከተገነጠለ ንፋስ ይገባበትና ኮረብታው እንደ ቁስል እየሰፋ ይቦረቦራል። በደረቅ ወቅት ረጅም ሣር ላይ መኪና አታቁም፤ የጋለ ጭስ ማውጫ እሳት ያስነሳል።

መቼ ለመሄድ አስበሃል?