እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። “የእንቅልፍ ኪኒን አለ?” ሳልባል የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዛሬ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ማታ 3 ሰዓት አልጋ ውስጥ ነኝ። እስከ 6 ሰዓት ስገላበጥ እቆያለሁ። እሁድ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ተኝቼ አካክሳለሁ። ኪኒን ልጀምር?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እሁድን እናስተካክል። 5 ሰዓት የተነሳ ሰው ማታ እንቅልፍ ከየት ይመጣለታል? የመነሻ ሰዓትህን አንድ አድርግ፤ ጠዋት 12:30 ካልክ እሁድም 12:30። ማታ ደግሞ 3 ሰዓት ላይ አትተኛ። ዓይንህ ሲከብድ፣ 5 ሰዓት ቢሆንም፣ ያኔ ግባ። 20 ደቂቃ ያህል ቆይተህ ካልወሰደህ ተነስተህ ደብዘዝ ያለ መብራት ጋ ቁጭ በል። ሰዓት አትይ፣ ስልክም አትንካ። የመጀመሪያው ሳምንት ይብስብሃል፣ ቀን ቀን ያንገላጅጅሃል። መኪና የምትነዳ ከሆነ ተጠንቀቅ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው “አልሠራም” ብሎ የሚተወው። ነገሩ የሰፈር ምክር አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ላለበት አዋቂ ከኪኒን በፊት ይህን ዓይነቱን የባህሪ ሕክምና መክሯል። ሥር ሰደደ የሚባለው በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ሲቆይ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በረካ ሳልጠጣ ከቡና አልነሳም። እንቅልፌን ግን አይነካውም።

መልስ፦ ቶሎ ይወስድሽ ይሆናል፤ እንቅልፉን ግን ያሳሳዋል። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው፣ ማታ 4 ሰዓት ግማሹ አብሮሽ ይተኛል። ቡና ይቅር አላልኩም፣ እናቴ ብትሰማ አታበላኝም! ከምሳ በፊት ይፈላ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ እናቴ ጎረቤት የሰጠቻትን ዲያዜፓም የሚባል የሚያስተኛ ኪኒን 2 ዓመት በየማታው ወሰደች። ዕድሜዋ 68 ነው። ትናንት ደበቅኩባት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ መልሺላቸው። ይህን ያህል የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቆም ላብ፣ መንቀጥቀጥና ከባድ ጭንቀት ያመጣል፤ ባስ ሲል እንደ ሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል። የሚቆመው በሐኪም ክትትል፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ወራት ሊፈጅ ይችላል። መስጋትሽ ግን ትክክል ነው። በእሳቸው ዕድሜ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ እናቶችን አውቃለሁ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ እሽጉን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይሰማል። አንዳንዴ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ይባንናል። ቀን ወንበር ላይ ያንቀላፋል።

መልስ፦ ይሄ በልማድ የሚስተካከል አይመስለኝም። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ደም ግፊቱንም ያስለካ። የእንቅልፍ ኪኒንና መጠጥ ትንፋሹን ሊያባብሱት ይችላሉ፣ እባክሽ እንዳትሰጪው።

ጥያቄ፦ ጫት ቅሜ ለመስበር ሁለት ቢራ እጠጣለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ቢራው ያስተኛሃል፣ ሌሊት ደግሞ ይቀሰቅስሃል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ሜላቶኒን የሚባል የእንቅልፍ ኪኒን ላከችልኝ። ልውሰደው?

መልስ፦ እዚያ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ስለዚህ ሁሉም ይልካል። ከአገር አገር በርሮ ሰዓቱ ለተዛባበት ሰው ይረዳል። ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ግን ብዙ አትጠብቂበት። ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሳትጠይቂ አትጀምሪው።

ጥያቄ፦ ትኩስ ወተት በማርስ?

መልስ፦ እኔም ማታ ማታ እጠጣለሁ። ስለሚጣፍጠኝ ነው።