«ትቶኝ ይሆን?» ላልሽኝ እህቴ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የመጀመሪያ ሥራሽን ስትፈልጊ በየማለዳው ትጸልዪ፣ ማታ ማታ ታጠኚ ነበር። ተቀጠርሽ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዕድገት አገኘሽ። ባለፈው ወር ለቡድን መሪነት ቃለ መጠይቅ ስትጠሪ ግን «ይሄንማ አውቀዋለሁ» ብለሽ ሳትጸልዪም ሳትዘጋጂም ገባሽ። አላለፍሽም። አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ለተመሳሳይ ቦታ ጠርቶሻል፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶሻል። «እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?» ነው ጥያቄሽ።

አልተወሽም። መጠየቅ ያቆምሽው አንቺ ነሽ። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ በእኔም ደርሷል። ሰዎችን የማማከር ሥራዬን ስጀምር ሰው ከማናገሬ በፊት «ጌታ ሆይ፣ ምን ልበለው?» እል ነበር። ብዙዎች ሲሳካላቸው ቀስ በቀስ ተውኩት። አንድ ቀን አንድ ወጣት ታሪኩን ሳይጨርስ፣ ከሱ በፊት ለመጣው የሰጠሁትን ምክር ስደግምለት ራሴን ያዝኩት። የሱ ችግር ፈጽሞ ሌላ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 5ን ክፈቺ። ዳዊት በመላው እስራኤል ላይ ነግሦ ኢየሩሳሌምን ይዟል። ፍልስጥኤማውያን በራፋይም ሸለቆ ሰፈሩ። «ልውጣን?» ብሎ እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ «ውጣ» ተባለ፣ ድል አደረገ። እነዚያው ጠላቶች እዚያው ሸለቆ ተመልሰው መጡ። እኔ ብሆን ኖሮ አልጠይቅም ነበር፤ መልሱ ይታወቃላ! ዳዊት ግን እንደገና ጠየቀ። መልሱ ተለወጠ። ፊት ለፊት አትውጣ፣ በኋላቸው ዙር፣ በዛፎቹ ራስ ላይ የእርምጃ ድምፅ ስትሰማ ያን ጊዜ ተነሥ ተባለ። በትናንቱ መልስ ቢወጣ ኖሮ የሚሄደው በተከለከለው መንገድ ነበር።

የአንቺም ጉዳይ ይህ ነው። ቦታው ተለውጧል። ጀማሪ ሲቀጠር የሚታየው ሥራውን መሥራት መቻሉ ነው። ለቡድን መሪ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሁለት ባልደረቦች ሲጋጩ ምን አደረግሽ? ሥራ የሚያጓትት ሰው ቢኖርስ? የተሳሳትሽበትን ውሳኔ ንገሪን። ያኔ ያሳለፈሽ መልስ እዚህ አይሠራም። ጎበዝ ሠራተኞች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ስለ ራሳቸው ሥራ አሳምረው ያወራሉ፤ ስለ ሌላው ሰው ሲጠየቁ ይጠፋባቸዋል።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ይዘሽ ተንበርከኪ። በእያንዳንዱ የሥራ ድርሻ ላይ «እዚህ የሚጎድለኝ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ከዚያ ብዕር አንሺ። ለየድርሻው ካሳለፍሽው አንድ እውነተኛ ነገር ጻፊ፤ ምን ገጠመሽ፣ ምን አደረግሽ፣ ምን ተገኘ። የማይገኝልሽ ካለ አትፍጠሪ። የቅርብ ኃላፊሽ ወይም ቡድን የመራ ሰው ጋ ሄደሽ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ የጸሎት መልስ በሰው አፍ ይመጣል። ባለፈው ጊዜ የጠየቁሽንም «ምን ጎደለኝ?» ብለሽ በትሕትና ጻፊላቸው። ላይመልሱልሽ ይችላሉ፤ ቢሆንም ሞክሪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያለፈውን «ቅጣት ነው» ብለሽ አትያዢው። ከአንቺ የተሻለ ተወዳዳሪ ቀርቦ ሊሆን ይችላል። አሁን ጸልየሽና ተዘጋጅተሽ ብትገቢም ቦታው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ጸሎት የቅጥር ዋስትና አይደለም። በእግዚአብሔር ተደግፎ የገባ ሰው ግን የማያውቀውን «አላውቅም» ለማለት አይፈራም፤ ጠያቂዎች ፊት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብታልፊም ባታልፊም ጻፊልኝ። ካለፍሽ ደግሞ ሥራ የምትጀምሪበት ቀን ማለዳ ላይ አስቢኝ፤ አብረን እንጸልያለን።