ለጥቅም የሚሰብክ ሰው ያደረሰኝ ንስሐ ከንቱ ነውን?

ጥያቄ፦ ቃለ ሕይወት ያሰማልን መምህር። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ እኅት ነኝ። ለዓመታት ከቤተ ክርስቲያን ርቄ ከቆየሁ በኋላ በስልኬ የምከታተለው አንድ ሰባኪ ልቤን ነካኝና የንስሐ አባት ያዝሁ፤ ለዕረፍት አገር ቤት ስገባም ቀኖናዬን ፈጽሜ ሥጋ ወደሙ ተቀበልሁ። ከደመወዜ ቀንሼም እርሱ ባስነገረው የባንክ ሒሳብ ገንዘብ ልኬ ነበር። አሁን ግን ሌላ ሰባኪ በቪዲዮ ወጥቶ፣ ይህ ሰው በምእመናን ገንዘብ የግል ኑሮውን እንደሚያደላድል ሲናገር ሰማሁ። ንስሐዬ በውሸት ላይ የቆመ ነውን? ስብከቱንስ መስማት ልተው? ቪዲዮውን ለእኅቶቼ ላጋራ ስል ደግሞ ጓደኞቼ «ጳውሎስ በማመካኘትም ቢሆን ክርስቶስ ይሰበካል ብሏልና ዝም በዪ» ይሉኛል።

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ከሁሉ የከበደሽን አስቀድሜ ልመልስልሽ። ንስሐሽ በሰባኪው ላይ አልቆመም። ኃጢአትሽን የተናዘዝሽው በካህኑ ፊት ለእግዚአብሔር ነው፤ የተቀበልሽውም የጌታችንን ሥጋና ደም ነው፤ ያ ሰው ነገ ሌባ ሆኖ ቢገኝ ከዚህ አንዱም አይጎድልብሽም። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 የተጻፈውን የንዕማንን ታሪክ አስቢ። የሶርያው የሠራዊት አለቃ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ከለምጹ ሲነጻ ኤልሳዕ አንዳች ስጦታ አልቀበልም አለ፤ ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ ደረሰበትና «ከነቢያት ወገን የሆኑ ሁለት ወጣቶች ከኤፍሬም አገር መጥተዋልና አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ስጣቸው» ብሎ በጌታው ስም ለመነ። ወጣቶቹ ፈጽሞ አልመጡም ነበር። (የደቀ መዛሙርትን ስም ጠርቶ ለራስ መሰብሰብ ዛሬ በአብነት ተማሪዎች ስም የተጀመረ እንዳይመስልሽ።) ንዕማን በደስታ ሁለት መክሊት ሰጠው። ፍርዱ በማን ላይ እንደ ወደቀ ግን ተመልከቺ፦ ለምጹ የያዘው ግያዝን ነው፤ በቅንነት የሰጠው ንዕማን ግን እንደ ነጻ አገሩ ገባ። አንቺም በቅን ልብ የሰጠሽው በእግዚአብሔር ዘንድ የተቆጠረልሽ ነውና በዚህ አትጸጸቺ።

ጓደኞችሽ የጠቀሱት ቃል በፊልጵስዩስ 1፥18 የሚገኝ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከቦታው ተነቅሎ የሚጠቀስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ይህን የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። እርሱ በሰንሰለት መያዙን እንደ መልካም አጋጣሚ የቆጠሩና ስማቸው ከስሙ በላይ እንዲጠራ የፈለጉ ሰባኪዎች፣ በእስራቱ ላይ መከራ ሊጨምሩበት አስበው ወንጌልን ይሰብኩ ነበር። እርሱም ሥራቸውን አላመሰገነም፤ ከቅንዓትና ከክርክር የተነሣ እንደ ሆነ በግልጥ ተናገረ እንጂ። ደስ ያለው የክርስቶስ ስም ስለ ተሰማ ነው፤ ተበዳዩም ራሱ ስለ ሆነ በደሉን የመተው መብት ነበረው። ስለዚህ ይህ ቃል የተበደለ አገልጋይ የሚጽናናበት ነው፤ በዳዩ የሚሸሸግበት አይደለም። ሰባኪ ስለ ገንዘብ ሲጠየቅ ይህን ጥቅስ ለመከላከያ ቢያነሣ፣ ሳያስበው ራሱን ከእነዚያ ቅንዓተኞች ጋር ቆጠረ ማለት ነው።

ደግሞም እነዚያ ሰዎች ልባቸው ይበላሽ እንጂ ያስተማሩት ትክክለኛውን ክርስቶስን ነበር። በገላትያ ትምህርቱ ራሱ ሲጣመም፣ ካልተገረዛችሁ አትድኑም የሚሉ በገቡ ጊዜ፣ ያው ጳውሎስ እኛ ብንሆን ወይም ከሰማይ የመጣ መልአክ ቢሆን ከሰበክንላችሁ የተለየ ወንጌል ቢሰብክ የተረገመ ይሁን አለ (ገላ. 1፥8)። እንግዲህ በአንድ ሰባኪ ዘንድ አስቀድሞ የሚመረመረው ትምህርቱ ነው፤ ልቡን መመርመር የእኛ ሥልጣን አይደለም፣ አቅሙም የለንም።

ስለ ገንዘብ ግን ነገሩን ማለዘብ ያስፈልገኛል፤ ሰባኪ ገንዘብ ተቀበለ ተብሎ ብቻ ነጋዴ አይባልምና። ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጌታ ደንግጓል (1ኛ ቆሮ. 9፥14)። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሠርቶ በላ፤ የፊልጵስዩስ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ የላኩለትን ግን በዚያው በጠቀስነው መልእክት መጨረሻ አመስግኖ ተቀብሏል። የትራንስፖርቱና የዕለት ጉርሱ የተሸፈነለትን ሰው «ለገንዘብ ይሰብካል» ማለት ግፍ ነው። ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ሳይርቅ የተጻፈው ዲዳኬ (የሐዋርያት ትምህርት የተባለው መጽሐፍ) ጥሩ መለያ ይሰጠናል፦ ተዘዋዋሪ ሰባኪ ሲመጣ እንደ ጌታ ይቀበሉት፣ ሲሄድም ለመንገዱ ከእንጀራ በቀር አይያዝ ይላል፤ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ቀጥሎም፣ ለሌሎች ችግረኞች ስጡ ካለ ማንም አይፍረድበት ይላል። ግያዝ የገባው በዚህችው በር ነው። ለችግረኛ ተብሎ የተሰበሰበው ለችግረኛው ደርሷል ወይ ብሎ መጠየቅ ታዲያ ፍርድ አይደለም፤ መጽሐፍ ከፈቀደው አይወጣም።

ንጹሕ ልብ ይዞ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ እኛ የምናስተምረው እናውቀዋለን። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ ምእመናን በስብከቱ መካከል ያጨበጭቡለት ነበር። በሐዋርያት ሥራ ላይ ሲያስተምር፣ ጭብጨባውን በሰማበት ሰዓት እንደ ሰው ደስ እንደሚለው፣ ቤቱ ሲገባ ግን የተጨበጨበለት ትምህርት ማንንም እንዳልጠቀመ እያሰበ እንደሚያዝንና እንደሚያለቅስ ሳያፍር ነገራቸው፤ ከእንግዲህም በቤተ ክርስቲያን ማጨብጨብ እንዲቀር ሕግ እናውጣ አላቸው። ይህን ሲሰሙ እንደ ገና አጨበጨቡ! ዛሬ በእልልታውና በተመልካች ቁጥር የሚፈተነውም ሰው ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በቤቱ ሲገባ ማልቀሱና አለማልቀሱ ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ አንቺም እኔም አናይም። ስለዚህ ከአንድ ልብ ውስጥ ፍቅረ እግዚአብሔርና ውዳሴ ከንቱ አብረው ቢገኙ አትደንግጪ፤ የሚያስደነግጠው ሁለተኛው ፊተኛውን ሲያሳድድ ነው። ይህም በጊዜ ውስጥ ከፍሬው ይታወቃል፦ ስብከቱ ወደ ንስሐ አባትሽ፣ ወደ ቅዳሴና ወደ ቁርባን እየመራሽ ነው ወይስ እርሱን ብቻ እንድትጠብቂ እያደረገሽ ነው? በሌላ ሰው ሲሰበክ ደስ ይለዋል ወይስ ይከፋዋል?

እስከ አሁን ከጻፍሽልኝ የምረዳው ትምህርቱ ወደ ንስሐና ወደ ቁርባን እንዳደረሰሽ ነው። ስለዚህ ስብከቱን መስማት ኃጢአት ነው አልልሽም፤ ልብሽ ከታወከ ግን ለጊዜው ትተሽ ሌላ መምህር ብትሰሚ ምንም አይቀርብሽም። በአካባቢሽ ቤተ ክርስቲያን ካለ እዚያ በአካል መማር ከሁሉ ይሻላል። ገንዘብሽን በሚመለከት በግለሰብ ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ መላክሽን አቁሚ። ዐሥራትሽን በአቅራቢያሽ ላለው ቤተ ክርስቲያን ወይም አገር ቤት ላለችው አጥቢያሽ ስጪ፤ አጥቢያዋ በቃለ ዓዋዲው (በቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ አስተዳደር ደንብ) መሠረት ሰበካ ጉባኤ አላት፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝም ትሰጥሻለች። የሚያሳዝንሽን ችግረኛ ደግሞ የምታምኚው ዘመድሽ በቀጥታ እጁ ላይ ያድርስለት።

ቪዲዮውን አታጋሪ። «ከሁለት ወይም ከሦስት ምስክር በቀር» በሽማግሌ (በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ) ላይ ክስ እንዳንቀበል ታዘናል (1ኛ ጢሞ. 5፥19)፤ አንቺ የሰማሽው ደግሞ የአንድ ሌላ ሰባኪን አንደበት ብቻ ነው፣ እርሱም በምን ልብ እንደ ተናገረ አናውቅም። የላክሽበት የባንክ ወረቀት በእጅሽ ካለ ግን እርሱ ማስረጃ ነውና አስቀምጪው፤ ነገሩን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ካስፈለገም እርሳቸው ሰባኪው ፈቃድ ላገኘበት ሀገረ ስብከት በጽሑፍ ያቅርቡልሽ።