እገዳው ሳይነሳ የሞላ የፍግ ጉድጓድ

ጥያቄ፦ ሃያ የወተት ላሞች አሉኝ። እበቱና ሽንቱ የሚጠራቀምበት የኮንክሪት ጉድጓድ ርዝመቱ 12፣ ስፋቱ 5፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ነው። ክዳን የለውም። ፍግ ማሳ ላይ መበተን የሚከለከልባቸውን አራት ወራት እስካሁን ችሎ ኖሯል። ዘንድሮም ባዶ አድርጌው ጀመርኩ፤ በ80ኛው ቀን ግን አፉ ላይ ለመድረስ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀረው። እስካሁን 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዘንቧል። ጥሩ ዝናብ ሲጥል በማግስቱ በእንጨት ስለካው 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ አገኘዋለሁ። ላዩ ወፍራም ቅርፊት ይዟል፣ ከሥሩ ያለው ግን ቀጭን ነው። የበረቱ ጣሪያ 20 በ10 ሜትር ሲሆን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ አምና አዲስ አሸንዳ አስገጥሜለታለሁ። ግድግዳውን በብሎኬት ግማሽ ሜትር ላስረዝመው ወይስ ጥቂት ማሳ ላይ ልበትን?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። መጀመሪያ አምና የተገጠመው የአሸንዳ መውረጃ ቱቦ የት እንደሚያልቅ ሄደው ይዩ። ጉድጓዱ ውስጥ ወይም ወደ ጉድጓዱ በሚወስደው የበረት ቦይ ላይ እንደሚያገኙት እገምታለሁ። ገጣሚው ለዝናብ ውሃ የተለየ መስመር መቆፈር ሰልችቶት በአንድ ኤልቦ አጣምሞ ቅርብ ወዳለው ቀዳዳ ይሰደዋል። ይህ ብልሽት በጣም የተለመደ ነው፤ በበጋ ስለማይታወቅም ባለቤቱ የሚያየው ክረምት ሲገባ ብቻ ነው።

ግምቱ ከራስዎ ቁጥሮች የመጣ ነው። አንድ ትልቅ የወተት ላም በቀን 55 ሊትር ገደማ እበትና ሽንት ትሰጣለች። ሃያው 1.1 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በ60 ካሬ ሜትር ጉድጓድ ላይ በቀን 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ጉድጓዱ ላይ በቀጥታ የወረደው ሌላ 2 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ቀሪው 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር 4 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሚሰጠውም ይህንኑ ነው።

የ80 ቀኑንም እንደምረው። ላሞቹ 88፣ ጉድጓዱ ላይ የወረደው ዝናብ 12፣ ጣሪያው 40፤ ድምሩ 140 ሜትር ኩብ። እርስዎ ጋ ያለው 162 ነው። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ 22 ሜትር ኩብ አለ፤ በቀን 275 ሊትር ማለት ነው። እዚህ ላይ የምጠረጥረው የመጠጫ ገንዳዎቹን ነው። ገንዳው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ በደንብ ካልዘጋ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር እንደ ክር እየቀጠነ ቢወርድ ይህን ያህል ይደርሳል፣ ድምፁም አይሰማም። ማታ ከብቶቹ ጠጥተው ሲያበቁ የውሃ ቆጣሪውን ይመዝግቡና ጠዋት ከመጠጣታቸው በፊት እንደገና ያንብቡ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የየገንዳውን መዝጊያ ይፍቱና ጎማውን ይለውጡ። ርካሹ የፕላስቲክ መዝጊያ ጎማው በአንድ ዓመት ይደርቃል፣ ክሩም ሁለተኛ ጊዜ ሲፈታ ይበላል፤ የነሐሱን ይግዙ። ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ትርፉ የመጣው ከወለል ማጠቢያው ነው፤ አስቀድሞ በአካፋ ጠርጎ ከዚያ ማጠብ ብዙ ውሃ ያስቀራል።

አሸንዳውን እንዲህ ያስተካክሉ። መውረጃውን ከጉድጓዱ ውጭ ቆርጠው ወደ ጉድጓዱ የሚገባውን ጫፍ በክዳን ይድፈኑ። ጫፉን ለመድረስ ብለው ወደ ጉድጓዱ አይውረዱ፣ አንገትዎንም አያስገቡ። አሸንዳው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ በየ3 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያዘንብል፤ በሁለቱም ጫፍ 110 ሚሊ ሜትር መውረጃ ያድርጉለት። ማቀፊያዎቹ በየ80 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ። ስስ ፒቪሲ በየሜትር ተኩሉ ሲሰቀል መሃሉ ይረግባል፣ ውሃውም በመገጣጠሚያው በኩል ይፈስሳል፤ ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ሲሊኮን ይለቀልቅበታል። የቆሸሸና እርጥብ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ሲሊኮን አንድ ክረምት አይሻገርም። ያ ካለ ልጠው ያውጡትና ጎማ ያለው መገጣጠሚያ ያስገቡ። የጣሪያው ውሃ እበት ባለበት ግቢ ላይ ሳያልፍ ወደ ንጹህ ቦይ ወይም ወደ በርሜል ይሂድ።

አሁን ወደ መበተኑ ልምጣ፤ እገዳው የመጣው ከአፈሩ ጠባይ ነውና ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። በፈሳሽ የላም ፍግ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ አሞኒየም ነው። አሞኒየም ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል አለው፣ የሸክላ አፈር ቅንጣት ደግሞ ኔጌቲቭ፤ ስለዚህ አፈሩ ይይዘዋል፣ ዝናብም በቀላሉ አያጥበውም። ነገሩ እዚህ ቢቆም ኖሮ በማንኛውም ወር መበተን በቻልን ነበር። ግን አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ኔጌቲቭ ነው። ያው አሞኒየሙን አጥብቆ የያዘው ቅንጣት አሁን ይገፋዋል። ናይትሬቱ በአፈሩ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፣ ውሃው በሄደበትም ይሄዳል። ሥሩ በርትቶ የሚበላ ሰብል ካለ ሳያመልጥ ይጠጣዋል። ሰብሉ ከተኛ ወይም ማሳው ባዶ ከሆነ ዝናቡ ከሥር በታች አውርዶ ከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይጨምረዋል፣ ከዚያም ጉድጓድ ውሃ ሆኖ ይጠጣል። አፈሩ በውሃ ከጠገበም አየር ያጡት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ቅዝቃዜ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ሲሞቅ የተጠራቀመው በፍጥነት ይለወጣል። ስለዚህ በእገዳው ወር የበተኑት ጥቂት ፍግ ሰብልዎን ሳይመግብ ያልፋል፣ ቅጣቱም በላዩ አለ።

የቀሩት 40 ቀናት ናቸው። ጣሪያውና ገንዳው ዛሬ ቢስተካከሉም ላሞቹ ብቻ 44 ሜትር ኩብ ይጨምራሉ፤ የቀረችው 30 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ለድንገተኛ ዝናብ የተተወች ናት፣ አትነካም። ቦታ ያለው የጎረቤት ጉድጓድ ካለ ዛሬውኑ ይነጋገሩና በቦቴ ያዛውሩ። መኝታው ላይ ጭድ ያብዙ፤ ጭድ ከክብደቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ፈሳሽ ይመጥጣል። ጭድ የተቀላቀለበትን ጠጣር ፍግ ከበረቱ በጋሪ አውጥተው ከወንዝና ከቦይ ቢያንስ 10፣ ከውሃ ጉድጓድ 50 ሜትር ርቀው ይከምሩ፣ በፕላስቲክም ይሸፍኑት፤ የአካባቢዎ ደንብ ከዚህ የበለጠ ርቀት ከጠየቀ ያንን ይያዙ። ይህ የችግሩን ከፊል ብቻ ያቃልላል። የማይበቃ መሆኑ ከታየ ሳይፈስ በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያሳውቁ።

ብሎኬቱን አይጨምሩ ያልኩት በምክንያት ነው። ፈሳሽ ግድግዳን የሚገፋበት ጠቅላላ ኃይል ከጥልቀቱ ጋር በካሬ ያድጋል። ከ3 ወደ 3.5 ሜትር ሲሄድ ግፊቱ በ36 በመቶ ይጨምራል፣ ለ3 ሜትር የተቀመጠው ብረት ግን ያው ነው። በብሎኬቱና በአሮጌው ኮንክሪት መካከል ያለው ስፌትም ያፈስሳል።

ቅርፊቱን አሁን አይንኩት፤ አሞኒያው እንዳይተን ይከላከላል። እገዳው ሲነሳ ግን ሳይቀላቀል አይሳብም፣ አደጋውም ያን ቀን ነው። ፍጉ ሲነቃነቅ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቀቃል። ከአየር ይከብዳል፣ ጉድጓዱ አፍና በረቱ ወለል ላይ ይተኛል። በትንሹ ሲሆን እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው ጠፋ ብለው ሲጠጉ ይጥላል። ስለዚህ ነፋስ ያለበትን ቀን ይምረጡ፣ ከብቶቹን በሙሉ ያውጡ፣ በሮቹን ይክፈቱ፣ ማቀላቀያውን ከውጭ ያስነሱና ቢያንስ 30 ደቂቃ ማንም አይቅረብ። እሳትና ሲጋራም አይኑር፣ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ አለ። ሰው ቢወድቅ እንኳ የራሱ አየር የሚሸከም መሣሪያ የሌለው ሰው ተከትሎ አይግባ፤ ለማዳን የገባው ሁለተኛው ሰውም እዚያው ይቀራል።

የሚበትኑትን መጠን ከማስላትዎ በፊት ከተቀላቀለው ናሙና ያስመርምሩ። 6 በመቶ ደረቅ ይዘት ያለው የላም ፍግ በሜትር ኩብ 2.6 ኪሎ ናይትሮጅን ገደማ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው የናይትሬት መመሪያ የተቀመጠው በሄክታር በዓመት የ170 ኪሎ ናይትሮጅን ገደብ ለእርስዎም የሚሠራ ከሆነ ወደ 65 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ እሱም ተከፋፍሎ እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም። የእርስዎ በውሃ ስለቀጠነ ይዘቱ ያንሳል። ትርፉን 74 ሜትር ኩብ ውሃ ብቻ ለማመላለስ በ5 ሜትር ኩብ ቦቴ 15 ጉዞ ይፈጃል። በጉዞዎቹ መካከል ማቀላቀያው ቆሞ እንደገና ሲነሳ 30 ደቂቃው እንደ አዲስ ይቆጠር፤ ፍጉ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ሁለተኛም ጊዜ ይወጣል።