ጥያቄዎቻችሁ፦ የሥነ ጥበብ ታሪክና አርኪዮሎጂ በድኅረ ምረቃ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬ በታሪክ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ «የጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች» ብዬ ያቀረብኩት ፕሮፖዛል ሰፊ ነው ተብሎ ተመለሰ። እንዴት ላጥብበው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የመለሱልዎት ሰዎች ልክ ናቸው። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ እንዲያውም የመቅደሱ አንድ ግድግዳ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ይበቃል። በጣና ደቅ ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴን እንውሰድ። ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ራሳቸውም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755 ስለሆነ ለዘመኑ ጥሩ መነሻ አለዎት።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሕንፃው የተሠራበትን ዓመት የሥዕሉ ዓመት አድርጎ ይወስዳል። የመቅደስ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጣሪያ ሲያፈስ ጨርቁ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ በላዩ ይሣልበታል ወይም በሌላ ይተካል። ስለዚህ አንድ ግድግዳ ላይ የተለያየ ዘመን እጅ ሊገኝ ይችላል። ይህን ለማየት ትንሽ መብራት ግድግዳው አጠገብ ከጎን ያብሩ፤ የጨርቁ ስፌት፣ የተደረበው ቀለምና የተቧጨረው ንድፍ ጎልቶ ይወጣል። በፍላሽ ፎቶ አያንሡ። መጀመሪያ ሙሉውን ግድግዳ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሥዕል ከመለኪያና ከቀለም ካርድ ጋር፣ በመጨረሻ ፊትና እጅን በቅርብ ያንሡ። አቅጣጫውን፣ ቁመትና ወርዱን እዚያው ይመዝግቡ፤ ከተመለሱ በኋላ ከፎቶ መገመት አያዋጣም።

ግእዝ ካላነበቡ አሁኑኑ ይጀምሩ። የቅዱሱም ሆነ የአሠሪው ስም ያለው ሥዕሉ ላይ በተጻፈው የግእዝ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ በኋላ የተጨመረ መሆን አለመሆኑንም ከፊደሉ ቅርጽ ማመዛዘን ይኖርብዎታል። ፈቃዱን በተመለከተ፣ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ይዘው ሀገረ ስብከቱን፣ ቀጥሎም የደብሩን አስተዳዳሪ ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ የአርኪዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከቅድመ አክሱም የአፈር ንብርብር ያወጣሁት ከሰል በካርቦን 14 (በውስጡ በቀረው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ዕድሜን በሚለካው ዘዴ) ሲለካ «ከ800 እስከ 400 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ» የሚል ውጤት መጣ። ቤተ ሙከራው ተሳስቶ ይሆን? (ከመቀሌ)

መልስ፦ አልተሳሳተም። የተለካውን ወደ ዘመን አቆጣጠር የምንለውጥበት የማስተካከያ መስመር በእነዚያ 400 ዓመታት ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በ750 የተቃጠለና በ450 የተቃጠለ ነገር ተቀራራቢ ልኬት ይሰጣሉ። ያንኑ ከሰል ደግሞ ማስለካት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚበጀው ቅደም ተከተላቸው ከታወቀ ንብርብሮች፣ ከላይም ከታችም፣ በርካታ ናሙና ወስዶ ውጤቱን በቤይዝ ስሌት (ልኬቱንና አስቀድሞ የታወቀውን ቅደም ተከተል በሚያጣምር የስታቲስቲክስ ዘዴ) አንድ ላይ ማስላት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ የዓመታቱን ክልል ያጠብበዋል።

ከከሰል ይልቅ የተቃጠለ የገብስ ወይም የስንዴ ፍሬ ይምረጡ። ፍሬ የአንድ ዓመት ነው፤ የጥድ ግንድ እምብርት ግን ዛፉ ከመቆረጡ መቶና ከዚያ በላይ ዓመት ቀድሞ የበቀለ ሊሆን ስለሚችል ንብርብሩን ያስረጀዋል። ዛሬ ባለው መሣሪያ አንድ ፍሬ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በንጹሕ መቆንጠጫ አንሥተው በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቅልሉት። ወረቀትና ጥጥ የራሳቸው ካርቦን ስላላቸው ናሙናውን አያስነኩት።