ስለ ሲንሃላና ስለ እንግሊዝኛ ቃላቶቹ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ሲንሃላ አብዛኛው የስሪላንካ ህዝብ የሚናገረው ቋንቋ ነው፣ እኔም ስወደው ሳጠናው ኖሬያለሁ። ከእንግሊዝኛ ስለወሰዳቸው ቃላት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ቤይሩት ከስሪላንካ ልጆች ጋር ስሰራ ሁሌ "ፎን ኤከ"፣ "ባስ ኤከ" ሲሉ እሰማ ነበር፣ ይቺ ኤከ ምንድናት?

መልስ፦ እህቴ የነገሩን ቁልፍ ነው ያገኘሽው። ኤከ "አንድ" ማለት ናት። የእንግሊዝኛ የዕቃ ስም ሲገባ ራሱ ምንም አይነካም፣ ኤከ ከኋላው ትመጣና ሰዋስዉን በሙሉ ትሸከምለታለች፤ "ባስ ኤከ" ካልሽ ባሱ ነው፣ "ባስ ኤካክ" አንድ የሆነ ባስ፣ "ባስ ኤከን" በባሱ፣ "ባስ ኤከተ" ወደ ባሱ፣ ብዙ ሲሆን ደሞ ኤከ ትቀርና "ባስ" ብቻ ይባላል። ስለዚህ ነገ አዲስ ዕቃ ቢመጣ ስሙ በዚያው ቀን ሲንሃላ ውስጥ መኖር ይችላል፣ እኔ ይሄን ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ለሰውስ?

መልስ፦ ለሰው ሌላ ነው። አንድ ዶክተር "ዶክተር ኬኔክ"፣ ዶክተሮች "ዶክተርላ"፣ "ላ" እናት አባት ላይም የምትገባ የብዙ ቁጥር ናት።

ጥያቄ፦ ግስ ሲሆንስ?

መልስ፦ እንደኛው ነው በለው! እኛ "ቻርጅ አደረገ" እንደምንለው እነሱም "ከረነዋ" (ማድረግ) ይጨምራሉ፣ "ድራይቭ ከረነዋ"። በራሱ ለሚሆን ነገር "ዌነዋ" (መሆን) አለ፣ "ሚስ ዌነዋ"።

ጥያቄ፦ ከእንግሊዞች በፊት የውጭ ቃል አልነበራቸውም?

መልስ፦ ሞልቷል። ፖርቹጋሎች በ1505 ደርሰው ዳቦን "ፓን"፣ ጠረጴዛን "ሜሰየ"፣ መስኮትን "ጃኔለየ" አስባሉ፣ ቢሮ "ካንቶሩወ" ደሞ ከደች ነው። እንግሊዝ ደሴቱን ሙሉ የያዘው በ1815 ነው። ልዩነቱን እዩት፣ የድሮዎቹ የሲንሃላ ጭራ አብቅለው አገሬው መስለዋል፣ የአሁኖቹ ግን እንዳሉ ገብተው በኤከ ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ፊደላቸውስ ቻለው?

መልስ፦ "ፍ" አልነበራቸውም፣ እኛ "ቨ"ን እንደጨመርነው እነሱም ለመጤ ቃል ፊደል ጨመሩ። ዛሬም ብዙ ሰው "ፖን ኤከ" ይላል።

ጥያቄ፦ መንግስት ዝም ብሎ አየ?

መልስ፦ ኧረ አላየም። በ1956 ሲንሃላ በህግ ብቸኛ የመንግስት ቋንቋ ሆነ፣ ከሱም በፊት ሙኒዳሳ ኩማራቱንጋ የሚባል የቋንቋ ምሁር በ1941 ሄላ ሃቩላ የሚባል ማህበር መስርቶ ቋንቋው ይጥራ ብሎ ታግሏል፣ እሱ ከጥንታዊው የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት የመጡትን ቃላትም ይውጡ ባይ ነበር። ለአዳዲስ ነገር ስም ወጣ፣ ባቡር በጽሁፍ "ዱምሪየ" ነው፣ የጭስ ተሽከርካሪ እንደማለት፣ ሰፈር ውስጥ ግን "ኮቺየ" ወይም "ትሬን ኤከ" ነው የምትሰማው፣ የጽሁፉና የአፉ ቋንቋ በጣም የተራራቁ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ቃል መበደሩ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግሊዝኛን "ካዱወ" ይሉታል፣ ሰይፍ ማለት ነው፣ ምክንያቱም የሚችለው የማይችለውን ይቆርጥበታል። ቁስሉ ያለው እዛ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛስ ከነሱ ወስዷል?

መልስ፦ አዎ፣ ቱርማሊን የሚባለው የከበረ ድንጋይ ስሙ ከሲንሃላ ነው፣ ቤሪቤሪ የሚባለው በሽታም እንደዛው።