የጀርመን አንድነት ለምን እስከ 1871 ዘገየ? ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው «የጀርመን ብሔርተኝነት ከናፖሊዮን ዘመን ጀምሮ ከነበረ አንድነቱ ለምን ከ60 ዓመት በላይ ፈጀ? መንስኤውና እንቅፋቱስ ምንድን ነው?» ብለህ ነው። ብዙዎች መንስኤውን በአንድ በኩል፣ እንቅፋቱን በሌላ በኩል ደርድረው ያልፋሉ። አንተ ግን አንድነትን በመፈለግና አንድነትን ማምጣት በመቻል መካከል ካለው ልዩነት ተነሣ። ፍላጎቱ ቀድሞ ነበረ፤ የጎደለው ኦስትሪያን ከመንገድ የሚያስወጣ ጉልበት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍላጎቱን ያቀጣጠለው ናፖሊዮን ነው። ከ300 በላይ የነበሩት ግዛቶች በእሱ ዘመን ተጨፍልቀው ጥቂት ደርዘን ቀሩ፤ በ1806 ደግሞ ግዛቶቹን በላላ ትስስር ያሰባሰበው አሮጌው የቅድስት ሮማ መንግሥት ፈረሰ። ፈላስፋው ፊኽተ በ1807 እና በ1808 በርሊን ላይ ለጀርመን ሕዝብ ንግግሩን ሲያሰማ ከተማዋን የያዘው የፈረንሳይ ጦር ነበር። ስሜቱ ግን በተማሪው፣ በመምህሩና በጠበቃው ዘንድ እንጂ በገበሬው ዘንድ ገና ሥር አልሰደደም። ገበሬው ማን ነህ ቢሉት ባቫሪያዊ ወይም ሳክሶናዊ ነኝ ነው የሚለው።

በ1815 የቆመው የጀርመን ኮንፌዴሬሽን 39 መንግሥታትን ይዞ ነበር። መሠረታዊ ሕጉን ለመለወጥ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። ከአባላቱ መካከል ማን እንደነበረ ልብ በል፦ የእንግሊዝ ንጉሥ በሃኖቨር፣ የዴንማርክ ንጉሥ በሆልሽታይን፣ የኔዘርላንድ ንጉሥ በሉክሰምበርግ ስም። ሰብሳቢዋ ደግሞ ኦስትሪያ ነበረች። በኦስትሪያ ሥር ሃንጋሪያውያን፣ ቼኮች፣ ፖላንዳውያን፣ ክሮአቶችና ጣሊያናውያን ስለሚኖሩ «ለእያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ መንግሥት» የሚለው ሐሳብ ለቪየና የመበተን አዋጅ ነው። የኦስትሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሜተርኒኽ በ1819 የካርልስባድ ድንጋጌዎችን አስወጥቶ የተማሪ ማኅበራትን ያገደው፣ ጋዜጦችን በሳንሱር ያሰረው በዚሁ ፍርሃት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልምጣ። በ1834 የተጀመረው የጉምሩክ ኅብረት፣ ዞልቨራይን፣ ወደ 23 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በአንድ የቀረጥ ሥርዓት አሰባስቧል፤ ኦስትሪያ አልገባችበትም። የተነሣው መዲናዋ በርሊን ከሆነችው ትልቅ የጀርመን መንግሥት፣ ከፕሩሺያ፣ የ1818 ታሪፍ ነው። የፕሩሺያ ግዛት በምሥራቅና በራይን ወንዝ አካባቢ ለሁለት ተከፍሎ ስለነበረ፣ ዕቃዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የሰው ኬላ ማለፍ ነበረበት። ችግሩ የግብር ሰብሳቢ ችግር እንጂ የአርበኛ ሕልም አልነበረም። ታዲያ «ዞልቨራይን አንድነትን አመጣ» ብለህ እንዳትጽፍ። በ1866 ጦርነት ሲነሣ የኅብረቱ አባላት የነበሩት ሃኖቨር፣ ሳክሶኒ፣ ባቫሪያ፣ ቩርተምበርግና ባደን ከኦስትሪያ ጎን ቆመው ፕሩሺያን ወግተዋል። የጋራ ቀረጥ ፕሩሺያን አበለጸጋት፣ ኦስትሪያን ከገበያው አገለላት፤ የነገሥታቱን ልብ ግን አልገዛም።

የ1848ቱ አብዮትም የከሸፈው ሕዝቡ ስላልፈለገ አይደለም። ለመላው ጀርመን ሕገ መንግሥት እንዲያወጣ የተመረጠው የፍራንክፈርት ፓርላማ ግንቦት 18 ቀን በጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ፤ የራሱ ጦርና የራሱ ግብር ግን አልነበረውም። ኦስትሪያ የጀርመን ክፍሏን ብቻ ይዛ ትግባ ሲባል ግዛቴ አይከፈልም አለች። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣምና ኦስትሪያን የምታካትተው ታላቋ ጀርመን በዚያው ቀረች። ኦስትሪያን የተወው ሐሳብ አሸንፎ በሚያዝያ 1849 ዘውዱ ለፕሩሺያው ፍሪድሪኽ ቪልሄልም 4ኛ ሲቀርብ፣ ከሕዝብ እጅ የሚሰጥ ዘውድ አልወስድም ብሎ መለሰው። 28 ትናንሽ መንግሥታት ሕገ መንግሥቱን ተቀብለው ነበር፤ ትላልቆቹ እንቢ ካሉ ግን ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ ቋጠሮው የተፈታው በ1866 ነው። የፕሩሺያ ጦር ኤታማዦር ሹም ሞልትከ ሠራዊቱን በ5 የባቡር መስመሮች ወደ ድንበር አጓጓዘ፤ ኦስትሪያ ወደዚያ የሚወስድ አንድ መስመር ነበራት። ሐምሌ 3 ቀን ኮኒግሬትዝ ላይ የፕሩሺያ ወታደር ከኋላ በሚጎርሰው የድራይዘ ጠመንጃ ተኝቶ ይተኩሳል። ኦስትሪያዊው ግን ባሩዱንና ጥይቱን ከአፈሙዙ ለመሙላት መቆም ግድ ይለዋል፤ አንድ ጊዜ እስኪተኩስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩስበታል። የፕሩሺያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢስማርክ ከድሉ በኋላ ከኦስትሪያ መሬት አልወሰደም፤ ኮንፌዴሬሽኑን አፍርሶ ከጀርመን ጉዳይ እንድትወጣ አደረገ እንጂ። በእኔ እምነት በ1870 ፈረንሳይ ከተሸነፈችበት ከሴዳን ውጊያ ይልቅ ይህ ነው ትልቁ ውሳኔ።

የቀረው እንቅፋት ከማይን ወንዝ በታች ያለው ደቡብ ነው፦ በብዛት ካቶሊክ፣ የፕሩሺያን ወታደራዊ ግብርና ግዳጅ የሚፈራ። በ1868 ለጉምሩክ ፓርላማ በተደረገው ምርጫ በባቫሪያና በቩርተምበርግ የፕሩሺያ ተቃዋሚዎች አሸንፈዋል። ስለዚህ አንድነቱ በምርጫ የሚመጣ አልነበረም። ቢስማርክ ሐምሌ 13 ቀን 1870 የፕሩሺያ ንጉሥ ከፈረንሳይ አምባሳደር ጋር ያደረገውን ንግግር የሚገልጽ፣ ከኤምስ ከተማ የመጣውን ቴሌግራም ስድብ እንዲመስል አሳጥሮ ለጋዜጣ ሰጠ፤ ፈረንሳይ በ19ኛው ቀን ጦርነት አወጀች። ደቡቦቹም በ1866 በምሥጢር በፈረሙት የመከላከያ ውል መሠረት ከፕሩሺያ ጋር ተሰለፉ።

ያም ሆኖ በነፃ አልገቡም። ባቫሪያ ፖስታዋን፣ ባቡሯን፣ የቢራ ግብሯን፣ በሰላም ጊዜም የጦሯን አዛዥነት ለራሷ አስቀረች። ንጉሥዋ ሉድቪግ 2ኛ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ለፕሩሺያው ንጉሥ ለቪልሄልም የሚያቀርበውን ደብዳቤ ከፈረመ በኋላ ከቢስማርክ በምሥጢር ገንዘብ ይቀበል ነበር። የግዛቱ ምክር ቤት ውሉን ያጸደቀው ቨርሳይ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከታወጀ ከ3 ቀን በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 1871 ነው። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ውጤቱ 102 ለ48 ሆነ፣ ማለትም በ2 ድምፅ ብልጫ አለፈ።